ምላስ ያወጣው ስም

በኩህሞ ጥድ መሀል፣ በነሐሴ ማብቂያ፣
የእኔ ሥራ ይኼ ነው፦ ምልክት ማኖሪያ፤
ቀይ ቀለም በቆርቆሮ፣ ፊሽ የሚል መርጫ፣
ለመጋዙ ማሳያ፣ ለዛፎቹ መምረጫ።

ወፍራሙን ከቀጭን፣ ቀጥ ያለውን ከጎባጣ፣
ስለካ፣ ስዳስስ፣ በቁጥር ሳወጣ፣
ጣቴ እስኪቀላ ድረስ ስረጭ ስረጭ ውዬ፣
ካንድ ሽማግሌ ጥድ ሥር ጥቂት ላርፍ ብዬ
ተቀመጥኩ።
የዛፍ ሽበት ረግፎ መሬት በሸፈነበት
አየሁት፦
ነጭ ነገር፣ ከፈይ የመሰለ፣ ቀይ የነጠበበት።

«ቆርቆሮዬ አፈሰሰ» አልኩ። ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው።
ነጠብጣቡን ነካሁ፤ አይጣበቅም፤ ቀለም ሳይሆን ውሃ ነው፤
ውሃም አይደል፤ እንደ ሮማን ጭማቂ የጠለለ፣
ከነጩ ሥጋ ላይ እንደ ላብ የበቀለ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እንጃ።
ለእንጉዳይ ሲሆን መልአኩ ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፤
«የጅብ ጥላ» ብሎ ሁሉንም በጅምላ ጠርቶ ሄደ።
ይኼ ግን ጥላ አይደል፤ ዘንግ የለው፣ ክፈፍ የለው፤
ጅብም በዚህ አገር በስሙ እንኳ አይታወቅ፤
ጥላ የሚያሻው ፀሐይም ግማሹን ዓመት ሩቅ።

በሰንጢ ቆረጥኩት፤ እንደ ቡሽ ነው፣ አይበጠስ በግድ፤
ሳነሣው አብሮ መጣ የጥድ መርፌ፣ የቁጥቋጦ ግንድ፤
ሲያድግ አልገፋቸውም፤
ሥጋው ውስጥ አቀፋቸው፣ እንደ ሥጋ ዘመድ።

ሂልካ ቤት ወሰድኩት። የመድኃኒት ቤት ጡረተኛ፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የመንደሩ እንጉዳይ ዳኛ፤
በመከር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ደጇ ቅርጫት ይሰለፋል፤
«ይኼ ይበላል?» ይባላል፣ «ይኼስ ሰው ይገድላል?»
እኔ የመጣሁት ለድስት አልነበረም።

«ኮፍያውን ተወው» አለች፤ «ኮፍያ ይዋሻል፤
ገልብጠው፤ እውነቱ ከሥር ይታያል።»
ገለበጥኩት። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ የለ፤
እንደ ስፖንጅ የተበሳም የለ፤
ጥርስ ነው። ጥቃቅን፣ ቁልቁል የተሰካ፣
እንደ ድመት ምላስ ሻካራ፣ ሲነካ።

«ሁለት ናቸው» አለች መነጽሯን እያበሰች፤
«ሁለቱም በልጅነት ቀይ ያለቅሳሉ፤
አንዱ የዋህ ነው፣ አንዱ እሳት።
በዓይን ብቻ አልምልም። ምላስህን አውጣ።»

የምስር ፍሬ የምታህል ቆረሰች፤
መጀመሪያ በራሷ ምላስ፤ ዓይኗን ከደነች፣ ቆጠረች፣
ተፋች።
«አሁን አንተ። እንዳትውጥ።»

አጥንት የለሽ ምላሴ ለዳኝነት ተሰየመች።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ምንም። እንጨት። ትንሽ ዱቄት።
ዘጠኝ፣ አሥር... «የዋሁ ነው» ልል አፌን ስከፍት
መጣ!
እኔ፣ በሚጥሚጣ ያደግኩ፣ እሳት አውቃለሁ ባይ፣
እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ ቧንቧው ሥር ተገኘሁ ላይ ታች ስል፣ ስንገላታ፤
ሂልካ በሳቅ ወንበሯን ይዛ፣
«ካርቫስኦራካስ!» አለች፤ «ይኸው ስሙ፤
ጉሮሮህን ጠይቀው፣ አይረሳውም እሱ።»

ሳቋ ሲበርድ፣
«ከየት አነሣኸው?» አለች።
«ከጥድ ሥር።»
«ከየትኛው ጥድ?»
ዝም አልኩ። ጣቶቼን አየቻቸው።
እንጉዳዩ ከዛፉ ሥር በክር ተሳስሮ እንደሚኖር፣
ዛፉ የሄደ ዕለት እሱም እንደሚቀር
አልነገረችኝም። በማግስቱ ነው ያነበብኩት።

ራውኖ፣ አለቃዬ፣ «ቅጹን ሙላ» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
የጉጉት ጎጆ? ሳጥን አለው። ንስር? አለው።
የጉንዳን ኩይሳ? ያውም ሁለት ሳጥን።
እንጉዳይ? የለም።
ከታች፣ ጥግ ላይ፣ «ሌላ» የሚል፣
ሁለት ጣት የማያስተኛ፤
የሂልካን ረጅም ስም አጥፌ አጣጥፌ ከተትኩበት፤
መጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጥቶ ቀረ።

ሳልፍ አየሁት ዛሬ። ቀለሙ ዛፉ ላይ ደርቋል።
በሰንጢ የቆረጥኩበት ቦታ
ሁለት ነጠብጣብ ወጥቷል፤
አንዱን በጣቴ አነሣሁት፣
ከጣቴ ቀለም ለየሁት፤
ቅጹን ማን እንዳነበበው እስካሁን አልሰማሁም።